«ኤሽ ሰዌቲ?»፦ የባሕር ዓሣ ገንዳ በጥቃቅን አረፋ ሲሞላ

ጠዋት ሳሎኑን ለማጽዳት ስትገቡ የዓሣው ገንዳ ተለውጦ ይጠብቃችኋል። ማታ ጥርት ብሎ የነበረው ውሃ አሁን ገና እንደተከፈተ አምቦ ውሃ በጥቃቅን አረፋ ተሞልቷል። ዓሦቹ አሉ፣ መብራቱ ይበራል፣ ፓምፑ ይሠራል፤ ውሃው ግን ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ትንሽ ቆይታ ማዳም ከፎቅ ትወርዳለች። ገንዳውን አይታ ወደ እናንተ ትዞርና ትጠይቃለች፦ «ኤሽ ሰዌቲ?» ምን አደረግሽ?

አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «ምንም» ነው፤ እውነትም ምንም አላደረጋችሁም። ችግሩ «ምንም» የሚለው መልስ ብቻውን ሰው አለማሳመኑ ነው። የባሕር ዓሣ ገንዳ ውድ ዕቃ ነው። ገንዳው፣ ማሽኖቹ፣ ዓሦቹና ኮራሉ ሲደመሩ ዋጋቸው ከብዙ ወር ደመወዛችሁ ሊበልጥ ይችላል። ኮንትራታችሁ ላይ «ዓሣ መንከባከብ» የሚል ነገር ላይኖር ይችላል፤ ነገር ግን መስታወቱን መወልወል የእናንተ ሥራ ስለሆነ ቀስ በቀስ ምግቡም፣ ውሃውም፣ ከታች ቁምሳጥኑ ውስጥ ያለው ማሽንም ወደ እናንተ ይመጣል። ልጆቹ በመጀመሪያው ወር «ኒሞ፣ ኒሞ» እያሉ ከበው ይመግባሉ። በሦስተኛው ወር ገንዳውን የሚያስታውሰው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ አረፋው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ደግነቱ ነገሩ ከባድ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው የጎደለ ውሃ ነው፤ ይህንንም ምንም ሳትነኩ በዓይንና በጆሮ ብቻ ማረጋገጥ ትችላላችሁ።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። ገንዳው በዐረብኛ «ሐውድ ሰመክ» ይባላል። በባሕረ ሰላጤው አነጋገር «ሐውድ» ሲፈጥን «ሆድ» ወደሚል ድምፅ ይቀርባል። አዲስ የመጣች ልጅ «ሆዱን አጽጂ» የተባለች መስሏት ዓሣ ለመዘርገፍ ቢላዋ ብታነሳ አይፈረድባትም። «ሐውድ» ገንዳ ወይም ማጠራቀሚያ ማለት ነው። አረፋው ደግሞ «ፉቃዓት» ነው፤ ይህን ቃል ያዙት፣ ኋላ ያስፈልጋችኋል።

አሁን ወደ ማሽኑ። በትልልቅ ቤቶች የሚታየው ገንዳ ብዙ ጊዜ ሁለት ገንዳ ነው። አንዱ ሳሎን ውስጥ የሚታየው፣ ሌላው ከሥሩ ቁምሳጥን ውስጥ የተደበቀው። የታችኛውን ባለሙያዎቹ «ሰምፕ» ይሉታል። የላይኛው ገንዳ ውሃ ከጠርዙ አልፎ በቱቦ ወደ ታች ይወርዳል፤ እዚያ ይጣራል፤ ከዚያ በመጨረሻው ክፍል ያለው ፓምፕ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። ውሃው ቀንና ሌሊት ይዞራል። ፓምፑን ዐረቦቹ «ትርምባ» ወይም «መደኻ» ይሉታል።

በዚህ ዙር ውስጥ ውሃው ይቀንሳል። ኤሲ የቤቱን አየር ስለሚያደርቅ፣ መብራቱም ስለሚያሞቀው በየቀኑ ጥቂት ውሃ ተንኖ ይሄዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ የላይኛው ገንዳ መጉደሉ አይታይም። ውሃው ሁልጊዜ እስከ ጠርዙ ሞልቶ ስለሚፈስ ከላይ ሲያዩት ሁሌም ሙሉ ነው። የተነነው ሁሉ የሚቀንሰው ከታችኛው ገንዳ፣ ያውም ፓምፑ ካለበት የመጨረሻ ክፍል ነው። «ውሃው እኮ ሙሉ ነው» ብላችሁ በሙሉ ልብ የምትምሉት ለዚህ ነው። የላይኛውን እያያችሁ ነው።

ያ ክፍል ሲጎድል ፓምፑ ከውሃው ጋር አየር መሳብ ይጀምራል። ጭማቂ በስትሮ ስትጠጡ ሊያልቅ ሲል የሚያሰማውን የመምጠጥ ድምፅ ታውቁታላችሁ፤ ልክ እንደዚያ ነው። አንዳንዴ ከፓምፑ በላይ ውሃው እንደ መታጠቢያ ገንዳ ማፍሰሻ ሲሽከረከር ይታያል። ፓምፑ የሳበውን አየር በሚሽከረከረው ክፍሉ ይፈጨውና አድቅቆ ወደ ላይ ይልከዋል። ሳሎን ውስጥ ያያችሁት ጭጋግ ይህ ነው።

ጨው በሌለው ውሃ ቢሆን አረፋው ቶሎ ይጠፋ ነበር። እዚያ ትንንሽ አረፋዎች ሲጋጩ ተዋህደው ትልቅ ይሆናሉ፤ ትልቁ ደግሞ ፈጥኖ ወደ ላይ ወጥቶ ይፈነዳል። ጨው ግን እንዳይዋሃዱ ያግዳቸዋል። በጨው ውሃ ውስጥ አረፋዎቹ ደቃቅ እንደሆኑ ይቆዩና ከሚዞረው ውሃ ጋር ይዋኛሉ። የሐዋሳን ሐይቅ ሞገድና በኮርኒሹ ዳር የሚመታውን ባሕር ያየ ሰው ልዩነቱን ሳያውቀው አይቶታል፤ የባሕሩ አረፋ ነጭና ደቃቅ ነው። ማዳም «በፊት የነበረን ገንዳ እንዲህ አያደርግም ነበር» ካለች፣ ምናልባት የበፊቱ የጨው ውሃ አልነበረም።

እንግዲህ ቁምሳጥኑን ክፈቱ፤ ፓምፑ ያለበትን ክፍል እዩ፤ ድምፁን አዳምጡ። ውሃው ከተለመደው መስመር በታች ከሆነ ምክንያቱን አገኛችሁት ማለት ነው። «የተለመደው መስመር» የሚባለውን ለማወቅ ገንዳው ደህና በሆነበት ቀን በመስታወቱ ውጭ ትንሽ ፕላስተር መለጠፍ ይበቃል። እኔ ለዚህ ሥራ ከፕላስተር የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። ሁለተኛ ፕላስተር ከፍ አድርጋችሁ ለጥፉ፤ ከዚያ በላይ መሞላት የለበትም። ምክንያቱም መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆምና ከላይኛው ገንዳና ከቱቦው የተወሰነ ውሃ ወደ ታች ይወርዳል። የታችኛው አስቀድሞ ሞልቶ ከነበረ የጨው ውሃው ምንጣፉ ላይ ነው የሚፈሰው። ሁለተኛውን መስመር የት ማድረግ እንዳለባችሁ ገንዳውን የሚያየው ባለሙያ በመጣ ቀን ጠይቁት።

የጎደለውን በምን እንደምትሞሉ ነው ዋናው ጥያቄ። ብዙ ገንዳ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። «የጨው ውሃ ነው የጎደለው፣ ስለዚህ የጨው ውሃ ልጨምር» ማለት ትክክል ይመስላል፤ ግን አይደለም። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም። ሽሮው በእሳት ላይ ቆይቶ ሲወፍር ጨው ጨው የሚለው ለዚህ አይደል?

በቁጥር እንየው። የባሕር ገንዳ ውሃ በሊትር 35 ግራም አካባቢ ጨው አለው። ገንዳው 200 ሊትር ከሆነ በውስጡ 7 ኪሎ ጨው አለ ማለት ነው። በሳምንት 10 ሊትር ተንኖ በጨው ውሃ ብትተኩት 350 ግራም ጨው ጨመራችሁ። አራት ሳምንት እንዲህ ካደረጋችሁ በዚያው 200 ሊትር ውስጥ 8 ኪሎ ከ400 ግራም ጨው ይሆናል፤ በሊትር 42 ግራም። አረፋው ጠፍቶ ውሃው ጥርት ብሎ ይታያል፤ ኮራሉና ዓሣው ግን ይጎዳል፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው የለም። ስለዚህ በትነት የጎደለው የሚተካው ጨው በሌለው፣ በተጣራ ውሃ ነው። ውሃ ሲቀየር ግን፣ ማለትም አሮጌው ተቀድቶ አዲስ ሲገባ፣ አዲሱ የጨው ውሃ ይሆናል። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ይህን ጨው አልባ ውሃ ዐረቦቹ «ማይ ሒሉ» ይሉታል፤ ቃል በቃል «ጣፋጭ ውሃ» ማለት ነው። ስኳር የለውም። «ሑጢ ማይ ሒሉ» ከተባላችሁ ጨው የሌለበትን ጨምሪ ማለት ነው። በቀጥታ ከቧንቧ የሚቀዳው ክሎሪን ሊኖረው ስለሚችል ለገንዳው አይመከርም። በብዙ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ የውሃ ማጣሪያ አለ፤ ከእሱ ይሁን ወይስ ከሱቁ በሚመጣው ጀሪካን፣ የሚወስነው የቤቱ ሰው ይሁን። አንዴ ጠይቃችሁ መልሱን ጻፉት። ስትጨምሩም ፓምፑ ባለበት ክፍል ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። ብዙ ጎድሎ ከሆነ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከፋፍላችሁ፣ በሰዓታት ውስጥ ይሁን፤ የጨዉ መጠን በድንገት መለዋወጥ ዓሣውን ይረብሸዋል። በየቀኑ ትንሽ መጨመር በሳምንት አንዴ ብዙ ከማፍሰስ ይሻላል።

የታችኛው ገንዳ የሌላቸው ትንንሽ ገንዳዎችም አሉ፤ ማጣሪያው ከጀርባ ይንጠለጠላል። በእነዚህ ላይ ጉድለቱ ከፊት ይታያል። ውሃው ሲቀንስ ከማጣሪያው የሚወርደው ከፍ ካለ ቦታ እየተወረወረ ስለሚመታ አረፋ ይፈጥራል። መድኃኒቱ ያው ነው።

ውሃው በቦታው ሆኖ አረፋው ካለስ? ያኔ ሰዓቱንና ቦታውን መመልከት ያስፈልጋል።

ትናንት ውሃ ተቀይሮ፣ መብራት ጠፍቶ ተመልሶ ወይም ገንዳው ታጥቦ ከሆነ ጠብቁ። ቱቦ ውስጥ የቀረ አየር ፓምፑ እንደተነሳ ለጥቂት ደቂቃዎች አረፋ ሆኖ ይወጣል። አዲስ የገባ ቀዝቃዛ ውሃም ሲሞቅ በውስጡ የሟሟውን አየር ስለሚለቅ መስታወቱ ላይ ለሰዓታት አረፋ ሊለጠፍ ይችላል።

አረፋው የሚዋኝ ሳይሆን ድንጋዩና አሸዋው ላይ እንደ ዶቃ የተለጠፈ፣ ከሰዓት በኋላ መብራቱ በርትቶ ሲቆይ የሚበዛ፣ ማታ ደግሞ የሚጠፋ ከሆነ ማሽኑ የለበትም። አልጌው ነው። አልጌ እንደማንኛውም ተክል በብርሃን ኦክስጅን ይሠራል፤ የምታዩት እሱን ነው። ብዙ ከሆነ ምግብ በዝቷል ወይም መብራቱ ረጅም ሰዓት ይበራል ማለት ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ከአረፋው ወጣ ብዬ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፤ ከጽሑፉ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። አልጌ የያዘውን ድንጋይ «አውጥተሽ በፈላ ውሃ እጠቢው» ብትባሉ አታድርጉት። ዞዋንቲድ የሚባሉ፣ እንደ ትንንሽ አበባ የሚከፈቱ ለስላሳ ኮራሎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ እጅግ ኃይለኛ መርዝ አላቸው። ድንጋዩን በመቀቀል ወይም በብሩሽ በመፈግፈግ በተነሳው እንፋሎትና ፍንጣሪ ምክንያት ሰዎች፣ አንዳንዴም መላው ቤተሰብ፣ ሆስፒታል የገቡባቸው አጋጣሚዎች በተለያዩ አገሮች ተመዝግበዋል። መርዙ በትንፋሽ፣ በዓይንና በቆሰለ ቆዳ ይገባል። እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ገንዳው ውስጥ ያለ ጓንት አታስገቡ። ድንጋይ ማጽዳት የባለሙያው ሥራ ነው።

ወደ አረፋው ልመለስ። በታችኛው ገንዳ ውስጥ ረጅም ቱቦ የሚመስል፣ ከላዩ ክዳን ያለው ኩባያ የተቀመጠበት፣ ውስጡ እንደ ወተት የነጣ ዕቃ ታያላችሁ። «ስኪመር» ይባላል። ሥራው ከእናንተ ሥራ ጋር ይመሳሰላል፤ ሥጋ ሲቀቀል በላዩ የሚወጣውን አረፋ በማንኪያ እንደምትገፉት ሁሉ እሱም የውሃውን ቆሻሻ በአረፋ ይገፋል። ሆን ብሎ ብዙ ሺህ ጥቃቅን አረፋ ይሠራል፤ ቆሻሻው በአረፋው ላይ ተጣብቆ ወደ ኩባያው ይወጣል። ኩባያው ውስጥ ያለው ቡናማ ፈሳሽ ሽታው የሚያስጠላው ለዚህ ነው። ያንን መድፋትና ኩባያውን በውሃ ብቻ ማለቅለቅ ትችላላችሁ።

በውሃ ብቻ ማለቴን ልብ በሉ። የዕቃ ሳሙና ትንሽ ቢቀር እንኳ ስኪመሩ እንደ እብድ አረፍቶ ኩባያውን ሞልቶ ይፈሳል፤ አረፋውም ወደ ላይኛው ገንዳ ይሄዳል። ክሎሮክስና ዴቶልማ ዓሣውን ይገድላሉ። የእጅ ክሬምም አይመችም፤ ቅባት አረፋውን ይሰብረዋል፣ ስኪመሩ ለሰዓታት ሥራ ያቆማል። እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት በውሃ ብቻ በደንብ አለቅልቁ። ገንዳው መስታወት ላይ የመስኮት ማጽጃ ስትረጩም በጨርቁ ላይ እንጂ በመስታወቱ ላይ አትርጩ። ስኪመሩ የሚስበው የክፍሉን አየር ስለሆነ የበረሮ መድኃኒት በአጠገቡ መርጨት ውሃው ውስጥ ከመርጨት ብዙም አይለይም። የቡኹር ማጨሻውንም ከቁምሳጥኑ ራቅ አድርጉት።

አዲስ የተገዛ ወይም ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ የታጠበ ስኪመር ለጥቂት ቀናት አረፋ መልቀቁ የተለመደ ነው። በጎኑ ያለውን ማስተካከያ እየዞሩ «ላስተካክለው» ማለት ግን ነገሩን ያወሳስበዋል። ባለሙያው ባስቀመጠው ይቆይ።

ሌላው መታየት ያለበት ከላይ የሚወርደው ውሃ የሚያርፍበት ከረጢት ወይም ስፖንጅ ነው። ሲቆሽሽ ውሃው በውስጡ ማለፍ ያቅተውና ከላዩ እየተንሻራተተ በኃይል ይወድቃል፤ በዚያው አየር ይዞ ይገባል። ከረጢቱን መቀየር ወይም ያለ ሳሙና ማጠብ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ላይኛው ገንዳ ውስጥ ውሃ የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ማራገቢያ ካለም ከውሃው ገጽ በጣም ተጠግቶ አየር እየጎተተ ሊሆን ይችላል፤ ልጆቹ ሲነካኩት መግነጢሱ ተንሸራቶ ሊሆንም ይችላል። ይህን ሁሉ አይታችሁ ደህና ከሆነና አረፋው ቀጣይ ከሆነ ምናልባት የፓምፑ መግቢያ መጋጠሚያ ላልቷል። ይህ የእናንተ ሥራ አይደለም።

ከላይኛው ገንዳ የመመለሻ ቱቦ ላይ ከውሃው ገጽ አጠገብ ትንሽ ቀዳዳ ልታዩ ትችላላችሁ፤ አንዳንዴ ከእሱ አረፋና ፉጨት ይወጣል። ተሰብሮ ወይም ተበስቶ አይደለም፤ ሆን ተብሎ ነው የተሠራው። ፓምፑ ሲቆም አየር አስገብቶ ውሃው ወደ ታች መፍሰሱን ያቆማል። በፕላስተር ወይም በማስቲካ ደፍናችሁት መብራት የጠፋ ለታ ገንዳው ወደ ታች ይገለበጣል፤ ሳሎኑ ይጥለቀለቃል። እንዳትነኩት።

ስለ ኤሌክትሪክ አሳጥሬ ልናገር፤ ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። አረፋ ውሃው ገጽ ላይ ሲፈነዳ ጥቃቅን የጨው ጠብታ ይረጫል። ጠብታው ሲደርቅ ነጭ ጨው ሆኖ በክዳኑ፣ በገመዱ፣ አንዳንዴም ቁምሳጥኑ ውስጥ ባለው ኤክስቴንሽን ላይ ይጋገራል። አረፋ በበዛ ቁጥር ይህም ይበዛል። የጨው ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል። በሶኬት ወይም በኤክስቴንሽን ላይ ነጭ ጨው ካያችሁ በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉ፤ ለቤቱ ሰው አሳዩ። እጃችሁን ውሃ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት መብራቱንና ማሽኖቹን አጥፉ። ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ መንጠልጠል አለበት፤ ያኔ በገመዱ ላይ የሚወርድ ውሃ ሶኬቱ ውስጥ ሳይገባ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ውሃውን ስትነኩ ትንሽ እንኳ ከነዘራችሁ እጃችሁን አውጡና ዳግመኛ አትንኩት፤ ዋናው ማብሪያ እስኪጠፋና ባለሙያ እስኪያየው ድረስ። ስትጨርሱ ማሽኖቹን መልሳችሁ ማብራታችሁን፣ ውሃውም መዞር መጀመሩን ቆማችሁ እዩ።

አረፋው ዓሣውን ይገድላል ወይ? ማዳም ልትጠይቅ የምትችለው ይህ ነው። ደቃቅ አረፋ ለዓይን ደስ አይልም፣ ኮራሉን ሊያስከፋው ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ዓሣ አይገድልም። ይልቅ የሚያስፈራው ተቃራኒው ነው፤ ፓምፑ ጸጥ ሲል፣ ውሃው ሳይንቀሳቀስ ሲቀር፣ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ሲዘጉ። ያ የአየር እጥረት ነው፤ ሌሊትም ቢሆን ሰው መቀስቀስ ያለበት ያኔ ነው። የጎደለ ውሃ ለረጅም ጊዜ ችላ ሲባልም ፓምፑ ደርቆ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ አረፋውን «ውሃ ጎድሏል» የሚል የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ አድርጋችሁ ውሰዱት።

አሁን ወደ ቋንቋው። ባየሁት መጠን ብዙ ጠብ የሚነሳው ከገንዳው ሳይሆን ከአነጋገሩ ነው። «ፊ ሀዋ» ብቻ ካላችሁ «ሀዋ» አየርም ነፋስም ስለሆነ ማዳም መስኮት ዝጊ ልትላችሁ ትችላለች። «ሰመክ ሙሽኪላ» ካላችሁ ደግሞ ዓሣው የሞተ መስሏት ትደነግጣለች። እንዲህ በሉ፦

«ማማ፣ ማይ አልሐውድ ናጊስ።» የገንዳው ውሃ ጎድሏል። በሳዑዲ «ማይ» በሚለው ፋንታ «ሞያ» ይባላል።

«ፊ ፉቃዓት ዋይድ።» ብዙ አረፋ አለ። «ዋይድ» በኩዌት፣ በኤምሬትስና በአካባቢው «ብዙ» ነው፤ ሳዑዲ ያላችሁ «ክቲር» በሉ።

«አትትርምባ ትስሐብ ሀዋ።» ፓምፑ አየር እየሳበ ነው። ባለሙያው ይህን ሲሰማ ግማሹን ሥራ ጨረሳችሁለት።

«አሑጥ ማይ ሒሉ? ከም ሊትር?» ጨው የሌለው ውሃ ልጨምር? ስንት ሊትር?

«ሙምኪን ትዲጊን ዐለ አስሲያና?» ለጥገናው ሰው ልትደውዪ ትችያለሽ?

ቅደም ተከተሉም ለውጥ ያመጣል። «ማ ለመስት ሼይ»፣ ምንም አልነካሁም፣ የሚለውን መጀመሪያ ካላችሁት ክስ የምትከላከሉ ይመስላል። ያያችሁትን አስቀድሙ፤ ውሃ ጎድሏል፣ አረፋ አለ፣ ልጨምር ወይ? ከዚያ በኋላ ምን አደረግሽ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይመጣም፤ ቢመጣም መልሱ ተሰጥቷል። ከማዳም ጋር በዋትስአፕ የምትጻጻፉ ከሆነ የፕላስተሩን መስመርና የጎደለውን ውሃ አንስታችሁ ላኩላት፤ ቀኑና ሰዓቱ አብሮ ይቀራል። ፎቶው ላይ ገንዳው ብቻ ይታይ፤ ሰው፣ ልጅ፣ ሳሎኑ አይግባ። የሰውን ቤት ፎቶ ለሌላ ሰው መላክ ወይም ቲክቶክ ላይ መልቀቅ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሕግ ያስጠይቃል፤ ዓላማችሁ ጥሩ ቢሆንም።

ይህ ሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ቤተሰቡ ለሳምንታት ውጭ አገር ይሄዳል፤ ገንዳው ከእናንተ ጋር ይቀራል። ሰው የለም ተብሎ የሳሎኑ ኤሲ ከጠፋ ውሃው ይሞቃል። የባሕር ገንዳ ብዙ ጊዜ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ነው የሚጠበቀው፤ ከ30 በላይ ሲያልፍ ዓሦቹ ይጨነቃሉ፣ የሞቀ ውሃም አነስተኛ ኦክስጅን ነው የሚይዘው። ትነቱም ይጨምራል፤ በሳምንት የሚጎድለው በጥቂት ቀን ይጎድላል። ስለዚህ ሻንጣ ከመዘጋቱ በፊት ማዳምን ጠይቁ፦ የሳሎኑ ኤሲ ስንት ዲግሪ ላይ ይቆይ? ምግቡ በቀን ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል? የጥገናው ሰው ስልክ የትኛው ነው፣ ቤቱ ውስጥ ወንድ ሳይኖር ቢመጣስ ማን ይክፈትለት? የሚጨመረው ውሃ በቂ ነው ወይ? መልሶቹን በወረቀት ጽፋችሁ ቁምሳጥኑ በር ላይ ከውስጥ ለጥፉት፤ ከሥሩም በየቀኑ የጨመራችሁትን ሊትር ከነቀኑ መዝግቡ። ሲመለሱ ገንዳውን ከማየታቸው በፊት ወረቀቱን ስጧቸው።